ሻለቃ ከተራራው ስትወርድ

እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ እንጨት ለቅመው የሚያድሩ ሴቶች ነበሩ። ነገሩ ምሳሌ ነውና ስማቸውን ትቼ እርስ በርስ የሚጠራሩበትን ቅጽል ልውሰድ። አንዷን ሻለቃ ይሏታል። ወታደር ቤት ደጁንም አልረገጠችም፤ ማዕረጉን የሰጧት ቁመቷና ድምፅዋ ናቸው። ሁለተኛዋ ጨዋታ ናት፤ ሸክም ጀርባዋ ላይ ሆኖ እንኳ ሰው ታስቃለች። ሦስተኛዋ ዝምታ። ሌሎችም ነበሩ።

ዘመኑ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን ይያያዙታል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያለፈ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ሯጮቹ በቱታ እያለከለኩ ያልፏቸዋል። ለእነዚያ ያ ቀጭን አየር ሳንባ ማጠንከሪያ ነው፤ ለእነዚህ ከሸክሙ በላይ የተጨመረ ሌላ ሸክም። ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ ጭራሮውን ይሰባብራሉ፣ ከ30 ኪሎ የሚያልፈውን እስር ተሸክመው ራጉኤልን ተሳልመው ይወርዳሉ። ቅጠሉን እንጀራ ጋጋሪዎች ይገዟቸዋል።

መሪያቸው ማን እንደሆነች ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። መንገዱ ራሱ ይመልስ ነበር። አንድ ቀን የደን ጠባቂ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ብሎ የዝምታን ገመድ ነጠቀ። እስሩ ተበተነ፣ ሴቶቹም እግሬ አውጪኝ አሉ። ሻለቃ ግን ሸክሟን እንደተሸከመች ዞራ መጥታ ፊቱ ቆመች። አልተሳደበችም፣ አልለመነችም።

«ገመዱን ከወሰድክ እሷንም ጨምረህ ውሰዳት። ማታ ሦስት ልጆቿን ደጅህ አመጣልሃለሁ፤ ራት ታበላቸዋለህ» አለችው።

ጠባቂው ትንሽ ቆመና ገመዱን መሬት ላይ ወረወረው። ዝምታ ጭራሮዋን መልሳ እስክታስር ሻለቃ ጀርባዋን ለሰውየው ሰጥታ ጠበቀቻት። ከዚያ ቀን ወዲያ ዳገቱ ላይ ከፊት የሚሄድ ሌላ ሰው የለም።

ከጊዜ በኋላ ወረዳው ሴቶቹን በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጃቸው። ሼድ ተሰጣቸው፣ የመነሻ ብድር ተፈቀደላቸው፣ ሥራቸውም ፈትልና ሽመና ሆነ። (በእንጦጦ ግርጌ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸማ የሚሠሩበት የታወቀ ማኅበር አለ። ይህ የእነሱ ታሪክ አይደለም፤ የሚያውቋቸው አንባቢዎች ጣት እንዳይቀስሩ ብዬ ነው።) ሊቀመንበር ምረጡ ሲባሉ ጉዳዩ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ሻለቃ ትሁንልን!» ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው ላይ የምርጫው ምክንያት ሆኖ የሰፈረው «ደፋር፣ ተናጋሪ፣ ቁመናዋም ግርማ ያለው» የሚል ነው።

አንባቢ ፈገግ እንዳለ ይገባኛል። ግን ስኮትላንዳዊው ቶማስ ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1840 ለንደን ላይ የታላላቅ ሰዎችን ነገር ሲናገር የሞላ አዳራሽ ሰምቶታል፤ ታሪክ ማለት ጥቂት ታላላቆች የሠሩት ነው ባይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ምሁራን መሪ ሆኖ የሚወለድ ሰው ምልክቱ ምን እንደሆነ ለማግኘት ቁመት ሲለኩ፣ ክብደት ሲመዝኑ፣ የንግግር ችሎታ ሲያወዳድሩ ዓመታት ፈጁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ራልፍ ስቶግዲል የተባለ አሜሪካዊ እስከዚያ የተሠሩ 124 ጥናቶችን ሰብስቦ አበጠራቸው። ብልህነቱም፣ ንግግሩም፣ ኃላፊነት መሸከሙም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን እነሱን ስለያዘ ብቻ ሰው መሪ አይሆንም፣ አንድ ቦታ የመራም ሌላ ቦታ ላይመራ ይችላል አለ። የኛ አገር ሹመት ሰጪዎች ይህን ወረቀት ገና አላነበቡትም መሰለኝ፤ ግርማ ሞገስ ዛሬም ግማሽ ሹመት ነው።

ሻለቃ ወደ ሼዱ የገባችው በዳገቱ ልማድ ነበር። ማለዳ 12 ሰዓት በሩ ላይ ትቆማለች። የዘገየችውን ስም ጠርታ ታሳፍራለች። ፈታዮቹ ተደርድረው ሲቀመጡ ከኋላቸው ትመላለሳለች።

ዝምታ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ሾር ታደርገዋለች፣ ክሩ እየቀጠነ ይወርዳል። እጅዋ ባዘቶውን የሚለቀው በልክ ነው፤ ትንሽ ቢፈጥን ክሩ ይወፍራል፣ ትንሽ ቢይዝ ይበጠሳል። ልክ እዚያ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ «በይ እንጂ! ቀኑ መሸ እኮ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትከሻዋ ይሰበቃል፣ ክሩ ይበጠሳል። ትቀጥለዋለች፣ ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው ሽመናው ላይ ሲደርስ ማጉን ይይዘዋል፣ መወርወሪያው ይደናቀፋል፣ ጨዋታም ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሆና «ዛሬስ ነጠላ ሳይሆን መቁጠሪያ ነው የምንሠራው» ትላለች። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ መሳቁንም ተዉት፤ ለምን ትስቃላችሁ የምትል አለቻ።

ሽሮ ሜዳ ያለው ነጋዴ ነጠላውን ፀሐይ ላይ ዘረጋው፣ ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየነካ ሄደ፣ አጣጥፎ መለሰላት። አልተከራከራትም። ከጠባቂ ጋር መጋፈጥ የምታውቅ ሴት የማይከራከር ሰው ሲገጥማት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሼድ ተመልሳ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

ሻለቃ ወረዳ የሄደች ዕለት ሼዱ ሰንበት ይሆናል። እንዝርቱ ይቀመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ የጠፋው ወሬ ሁሉ ይመለሳል። ይህንንም አስቀድሞ ያየው ሰው አለ። ኩርት ሌዊንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት ሕፃናትን በክበብ ከፋፍለው የእጅ ሥራ ሲያሠሩ፣ በትእዛዝ ብቻ የሚመሩት ልጆች አለቃው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራቸውን ጣል ያደርጉ ነበር፤ ተመካክረው የሚሠሩት ግን አለቃው ኖረም አልኖረም ይቀጥላሉ። ሻለቃ ይህን ሌዊን ሳይነግራት ታውቀዋለች። ያወቀችበት መንገድ ግን መድኃኒቱን የባሰ አደረገባት፤ ከሼዱ መውጣት ፈራች። ነጋዴ ጋ መሄድ ቀረ፣ የጥጥ ዋጋ መጠየቅ ቀረ። ሁለት ሴቶችም አንድ ማለዳ ገመዳቸውን ይዘው ወደ ተራራው ተመለሱ። ጠባቂውን መረጡት።

ወረዳው ችግሩን ሲሰማ እንደ ልማዱ ሥልጠና ላከ።

አሠልጣኙ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ ትሑት፣ ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ነው። ሼዱ ውስጥ መብራት አልነበረም። ስለዚህ ላፕቶፑን ከድኖ እንዲህ አላቸው፦

«እናቶቼ፣ እስከ ዛሬ አብራችሁ ከሠራችኋቸው ሰዎች ሁሉ አብሮ መሥራት እጅግ ያስቸገረቻችሁን አንዷን አስቡ። ስሟን አትንገሩኝ። እኔ ስለእሷ እጠይቃለሁ፣ እናንተ ከ1 እስከ 8 ትሰጧታላችሁ። ደግ ናት ወይስ ክፉ? ክፉ ከሆነች 1፣ ደግ ከሆነች 8።»

«1» አለች ሻለቃ።

«የምትቀረብ ናት ወይስ የማትቀረብ?»

«1። ከ1 በታች የለውም?»

«የለውም እማማ።»

ጨዋታ ተራዋ ደረሰ። «ደግነቷንስ 7 ስጣት። ለሰው ትሞታለች። መቅረቡ ላይ…» ብላ ጣሪያውን አየች፣ «5 በል፤ ቡና ስትጠጣ ትቀረባለች።» ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለቱ ስለ ማን እንደሚናገሩ ያልገባው አሠልጣኙ ብቻ ነበር። አንዷ ስለሌላዋ ነው።

መጠይቁ የፍሬድ ፊድለር ነው። ቪየና የተወለደው ይህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው መጽሐፍ አመራር በሰውየውና በሁኔታው መገጣጠም ላይ ይቆማል አለ። የማይወደውን የሥራ ጓደኛ ጨርሶ የሚያጣጥል ሰው ልቡ ያለው ሥራው ላይ ነው፤ የሚያስቸግረውንም ሰው በጎነት የሚያይ ልቡ ያለው ግንኙነቱ ላይ ነው። ያ የመጀመሪያው ሰው ነገር ሁሉ በተመቻቸበት ወይም ነገር ሁሉ በከፋበት ጊዜ ይሠምርለታል። መሀል ላይ፣ ነገሩ ክፉም ደግም ባልሆነበት፣ ሰው ማባበልና መስማት በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ሁለተኛው ይሻላል። መጠይቁ በእርግጥ ምን እንደሚለካ ምሁራኑ ሲከራከሩበት ኖረዋል። እኔም ሰውን በቁጥር ከመመዘን ብዙ አልጠብቅም። ከፊድለር የወደድኩለት ሌላ ነገር ነው፦ ሰውየውን በሥልጠና እለውጣለሁ ብሎ አልተመጻደቀም። ጠባይ ከሚለወጥ ሥራው ቢስተካከል ይቀላል አለ።

አሠልጣኙ ግን በማግስቱ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። ኸርሲና ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ያመጡት ሐሳብ ነው፤ መሪ እንደ ተከታዩ ብስለት ጠባዩን ይቀያይራል፣ ለጀማሪው ያዛል፣ ለበሰለው ይለቃል። ሻለቃ በጥሞና ሰማች። ሰው የነገራትን የምትንቅ አይደለችም። ሳምንቱን ሙሉ ሞከረችው። ጠዋት በሩ ላይ መቆም ተወች። «እባክሽን» ማለት ጀመረች፤ ግን «እባክሽን!» ስትል ሼዱ ከቀድሞው ይልቅ ይደነግጥ ነበር። ዓርብ ዕለት ጨዋታ ቀረብ ብላ «እትዬ፣ ስድቡን መልሺልን፣ እሱን ለምደነዋል» አለቻት። ሻለቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ግን ብዙ ዝም አለች።

መስከረም 1 ደረሰ። ዘመን መለወጫውም፣ የራጉኤል ንግሥም በአንድ ቀን ነው። ሴቶቹ ገመድ ሳይዙ ተራራውን ወጡ፤ የለበሱት ነጋዴው የመለሰውን ባለ ቋጠሮ ነጠላ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ሥር አረፍ አሉ። እዚያ አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ በልጅነታቸው እሳቸውም እንጨት ተሸክመዋል፣ ወገባቸው ዛሬም አልተቃናም። የሼዱን ወሬ ሰምተዋል።

«እዚህ ተራራ ላይ እምዬ ለምን እንደከተሙ ታውቃላችሁ?» አሉ። «ጠላት ከየት እንደሚመጣ ስለሚታይ ነው። ጊዜው የጦር ነበራ።»

እማሆይ ዓመተ ምሕረት አልጠሩም፤ እኔ ልሙላው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም እንጦጦ ማርያም ነው። ያን ጊዜ አገሩ በክፉ ቀን ተይዟል። ከብቱ በበሽታ አልቆ እርሻ ቆሟል። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ ያዩ መኳንንት አፍረው ዶማ አነሡ ይባላል። ዘንድሮ «አርአያነት ያለው አመራር» ብለን ባነር የምንሰቅልለትን ነገር እሳቸው በዶማ ጨርሰውታል።

«እቴጌ ግን» ቀጠሉ እማሆይ፣ «ከዚህ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ ሲታጠቡ ሜዳው ደስ አላቸው። ቤት ይሠራልኝ አሉ። ውሃው እዚያ፣ ሙቀቱ እዚያ። እዚህማ እንጨቱም ተመናምኗል፣ ንፋሱም ድንኳን ይነቅላል። መኳንንቱም አንድ በአንድ ወረዱ።»

«እምዬስ አልተቆጡም?» አለች ጨዋታ።

«ምን ያስቆጣቸዋል? ወረዱ እንጂ።»

ሻለቃ ያን ሁሉ ጊዜ ሣሩን ስትነጭ ነበር። ቀና አለች። «ዘውዳቸውን ጥለው?»

«ኧረ ወዲያ! ዘውዱንማ ይዘው ነው የወረዱት። የተዉት ተራራውን ነው።»

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. የቆረቆሯትን አዲስ አበባ መውረድ ብቻውን አላቆማትም። ማገዶ አጥሯት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዞር እስከመታሰብ ተደርሶ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ደርሶ አስቀራት። ሴቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙት የዚያን ዛፍ ቅጠል ነው። ደግሞ እቴጌን ሜዳ ስለወደዱ ለስላሳ ያደረጋቸው ካለ መቀሌን ይጠይቅ፤ በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ምሽግ ውሃ እንዲያዝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ነገሩ የቁጡና የለስላሳ ብቻ ቢሆንማ ኖሮ አንድ ሥልጠና ይበቃው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሻለቃ ቁልፉንና ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መለሳለስ አልሆነልኝም፤ ሞከርኩት፣ አያችሁኝ። እኔ የምጣላው ሰው ካልሰጣችሁኝ ከእናንተ ጋር እጣላለሁ። ዱቤ ወስዶ የማይከፍለውን ነጋዴ ስጡኝ። የመብራት ቆጣሪውን ስጡኝ። መርካቶ የጥጡን ዋጋ ስጡኝ። ክሩን እሷ ትያዝ» ብላ በአገጯ ወደ ዝምታ ጠቆመች።

የወረዳው ባለሙያ አልተዋጠለትም። «እቺ ሴት እኮ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም!» አለ። እውነቱን ነው። ዝምታ ሊቀመንበር ሆና የመጀመሪያ ሥራዋ የፈታዮቹን መቀመጫ መስኮቱ ወዳለበት ማዞር ነበር። ሁለተኛዋ፣ ክሩ የተበጠሰባትን አጠገቧ አስቀምጦ እጇን ማሳየት። ሦስተኛ አልነበራትም። ቋጠሮው እየቀነሰ ሄደ። ወደ ተራራው የተመለሱት ሁለቱ አንድ ከሰዓት በር ላይ ታዩ፤ ማንም ለምን ሄዳችሁ አላላቸውም። ሻለቃ ደግሞ ሁለት ወር የቆየ ዱቤ አንድ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ተቀምጣ አስከፈለች። እንዴት እንዳስከፈለች ነጋዴው ብቻ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ተረቱን ባቆም አንባቢ ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን አላቆመም። ለጥምቀት የታዘዘ ብዙ ነጠላ ነበር፤ ቀኑ ሲቃረብ ግማሹ አልደረሰም፣ ከፈታዮቹ ሦስቱ ታመዋል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ተበልቷል። ዝምታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች። ምን ይደረግ ሲሏት «እስቲ እንመካከር» አለች። ተመካከሩ። በማግስቱም ተመካከሩ። በሦስተኛው ቀን ዝምታ ተነሥታ ሻለቃ ጋ ሄደችና «እስከ ጥምቀት ማኅተሙን ያዢልኝ» አለቻት።

ሻለቃ በሩ ላይ ቆመች። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ማን ለማን ምሳ እንደሚያመጣ በአንድ ትንፋሽ ደለደለች። ጮኸች፣ ተቆጣች፣ ዘርፉን ራሷ ቋጨች። በዚያ ሳምንት በጩኸት ክር የተበጠሰባት ሴት አልነበረችም፤ ጩኸቱን የጠሩት እነሱ ናቸውና። ለከተራ ዋዜማ ነጠላው ሁሉ ተጣጥፎ ወጣ።

ጥምቀት አለፈ። ቃና ዘገሊላም አለፈ። ቁልፉ አሁንም ሻለቃ ወገብ ላይ ነው። ጠዋት በሩ ላይ ናት። አንዷ ዘግይታ መጣች፣ ሻለቃ ስሟን ጠርታ ማሳፈር ጀመረች። ዝምታ እንዝርቷን አስቀመጠች፣ ባዘቶውን ከጭኗ ላይ አራገፈች፣ ቀስ ብላ ተራምዳ ሻለቃ ፊት ቆመች። ቁመቷ ሻለቃ ደረት ጋ ነው የሚደርሰው። እጅዋን ዘረጋች።

«ቁልፉን» አለች።

ሼዱ ውስጥ የሚሽከረከር እንዝርት አልነበረም። ሻለቃ ወደ ታች አየቻት። ያ የደን ጠባቂ ያን ቀን ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም። ፈታችና ሰጠቻት፤ ከዚያ ሻርፗን አንሥታ መርካቶ ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ከወረዳው አንድ ወጣት ቅጽ ይዞ መጣ። በሩ አጠገብ ያገኘው ጨዋታን ነው።

«የዚህ ማኅበር ኃላፊ ማን ናት?»

«ለምን ጉዳይ ነው የመጣኸው ወንድሜ?»

«ለቆጣሪው ነው።»

«ለቆጣሪ ከሆነ ሻለቃ ናት። መርካቶ ወርዳለች፤ ቁጭ በል፣ ቡና እየተፈላ ነው። ለክር ቢሆን ኖሮ ያቺውልህ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው።»

ወጣቱ ቅጹን አየ። «የኃላፊ ስም» ከሚለው ፊት ለፊት አንድ አጭር መስመር ብቻ ነው ያለው። «እዚህ ላይ ታዲያ ማንን ልጻፍ?»

ጨዋታ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ገለበጠችው። «ጀርባው ባዶ ነው» አለችው።